ጭንቅላት ውስጥ ላለ ዕጢ የዓይን ደም ሥር ምን ይነግራል?

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። በኤም አር አይ ፒቱታሪ ላይ ዕጢ ተገኝቶባታል። በጎን ያለው ስለማይታያት ከበር መቃን ጋር ትጋጫለች። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የእይታ ስፋት ምርመራና «ኦሲቲ አንጂዮግራፊ» የሚባል የሬቲና ደም ሥር ምስል ታዞላታል። ችግሩ ጭንቅላቷ ውስጥ ሆኖ ሳለ የዓይኗ ደም ሥር ምን ያደርጋል? መርፌስ አለው?

መልስ፦ መርፌ የለውም። ክንድ ላይ ቀለም የሚወጋው የቆየው ዓይነት ነው። ይህኛው አንዱን ቦታ በብርሃን ደጋግሞ ያነባል፤ በሬቲናው (ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የውስጥ ጀርባ) ውስጥ ከቦታው የሚንቀሳቀሰው ደም ብቻ ስለሆነ፣ በንባቦቹ መካከል ከሚታየው ልዩነት የቀጫጭኖቹን ደም ሥሮች ካርታ ያወጣል። ለአንድ ዓይን ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።

ፒቱታሪ ራሱ በአንጎል ሥር ያለ ሆርሞን አመንጪ ዕጢ ነው፤ እዚህ የምናወራው በላዩ ስለበቀለው እብጠት ነው። ከፒቱታሪ በላይ የሁለቱ ዓይን ነርቮች የሚገናኙበት ኪያዝም አለ። እዚያ የሚሻገሩት ከየሬቲናው በአፍንጫ በኩል ካለው ግማሽ የሚነሡ ክሮች ናቸው፤ የሚያሳዩት ግን በጆሮ በኩል ያለውን ነው። እብጠቱ ከታች ሲገፋቸው የበሩ መቃን ይጠፋል።

የክሮቹ መነሻ ሬቲና ላይ ያሉ ጋንግሊዮን የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። ጫናው ከቆየ ጉዳቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገድላቸዋል፤ የነርቩ ሽፋን (ክሮቹ ሬቲና ላይ የተነጠፉበት ንጣፍ) ይሳሳል፣ ደም ፈላጊው ሲቀንስ ደም ሥሩም ይሳሳል። የእይታ ስፋት ምርመራ ዛሬ ምን እንደማይታይ ይናገራል፤ ምስሉ ደግሞ ከዚያ ውስጥ የታፈነው ስንቱ፣ የሞተው ስንቱ እንደሆነ። እይታው ጠቦ ሽፋኑም ደም ሥሩም ደህና ከሆኑ፣ ጫናው ሲነሣ ይመለሳል የሚለው ተስፋ ጠንካራ ነው። ሁለቱም ከሳሱ ቀዶ ሕክምናው የቀረውን ለማዳን ነው። እኛ መሣሪያው በሚሰጠው የደም ሥር ጥግግት ቁጥር ብቻ አንፈርድም፤ ብዙ ልምድ ያለው በሽፋኑ ውፍረት ላይ ነው።

ቦታውም ያነጋግራል፦ ኪያዝም ሲጫን በነርቩ ጫፍ (ነርቩ ከዓይን በሚወጣበት ቦታ) ዙሪያ በብዛት የሚሳሳው በአፍንጫና በጆሮ በኩል ነው፤ የዓይን ነርቭን በሚጎዳው ሌላ በሽታ፣ በግላኮማ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይና ከታች።

ምስሉን የሚያበላሸው ብዙ ነው። የዓይን ሞራና ድርቀት ጥላ ይጥሉና የጠፋ ደም ሥር ይመስላሉ፤ የምልክቱ ጥራት ከ10 ከ7 በታች ከሆነ ይደገም በሉ። ዓይን ሲንቀሳቀስ አግድም መስመር ይወጣል፣ ደም ሥሩም የተሰበረ ይመስላል፤ ምስሉ ከመነሣቱ በፊት ማርጠቢያ ጠብታ ቢደረግላቸውና ዓይናቸውን ጥቂት ጊዜ ቢያርገበግቡ ይረዳል። ስኳር፣ ደም ግፊትና ከባድ የቅርብ ዕይታም (ሩቁን አጥርቶ አለማየት) ቁጥሩን ስለሚለውጡ ካለባቸው ይንገሩ። የእይታ ስፋቱ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሳይገባ፣ ሳይደክሙ ይሠራ። የአንዱ መሣሪያ ቁጥር ከሌላው ጋር አይወዳደርም፤ ክትትሉ በዚያው መሣሪያ ይሁን።

ወተት እንዲመነጭ የሚያደርገውን ሆርሞን፣ የፕሮላክቲንን የደም ምርመራ ውጤትም ይጠይቁ፤ ፕሮላክቲን የሚያመነጭ እብጠት ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚታከመው በኪኒን ነው። ድንገት ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ አንዱን ሁለት ማየት ወይም የእይታ መውደቅ ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እይታው በቀናት ውስጥ መሻሻል ሊጀምር፣ ለወራትም ሊቀጥል ይችላል። የሳሳው ሽፋን ግን አይወፍርም። ስለዚህ እናትዎ መቃኑን እያዩ ምስሉ እንደሳሳ ቢቀር አይደንግጡ።