አንዲት ነርስ ስትጠይቅ የምንመልስላት ነገር

ለወጣት የሙያ ልጆቼ፣

በነርስነት የመጀመሪያ ዓመታት ላይ ላላችሁ ይህን የምጽፈው በስልካችሁ ላይ እርስ በርስ ስለምትነጋገሩበት አነጋገር ነው። ነርሶች በሚሰባሰቡባቸው የቴሌግራምና የፌስቡክ ግሩፖች ውስጥ እኔም አለሁ። የምትጽፉትን አነባለሁ፤ ብዙ ጊዜም እኮራባችኋለሁ። ከሌሊት ተረኝነት ወጥታችሁ፣ ገና እንቅልፍ ሳታገኙ፣ አይታችሁት ለማታውቁት ባልደረባ የቁስል አያያዝ ስታስረዱ አይቻለሁ። አንዲት ጀማሪ ጥያቄ በማቅረቧ ብቻ የሚወርድባትን ስድብም አይቻለሁ። እዚህ የምነግራችሁ ስለዚህኛው ነው። ጉዳቱ የእሷን ስሜት ጎድቶ የሚቆም እንዳይመስላችሁ፤ አልጋ ላይ እስከተኛው ሰው ድረስ ይሄዳል።

በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት አዲስ ነርስ ለታካሚዋ ፖታሲየም ክሎራይድ ታዞላታል። በምን ያህል ፈሳሽ እንደምትበርዘውና በስንት ሰዓት ውስጥ መግባት እንዳለበት እርግጠኛ ስላልሆነች ትጠይቃለች። ያልተበረዘ ፖታሲየም በደም ስር በቀጥታ ቢሰጥ ልብን ሊያቆም እንደሚችል ሁላችሁም ተምራችኋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በወጡት የሕሙማን ደኅንነት መፍትሔዎች ውስጥ የእንዲህ ዓይነቶቹ መድኃኒቶች ቁጥጥር ራሱን የቻለ ርዕስ የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ልጅቷ የጠየቀችው በትክክል መጠየቅ ያለበትን ነገር ነው። የመጀመሪያው ምላሽ ግን «ይህን ሳታውቂ ማን አስመረቀሽ?» ይሆናል። ቀጥሎ የሳቅ ምልክቶች ይደረደራሉ። አንዱ ደግሞ ፈቃዷን እንድትመልስ ይመክራታል። ትክክለኛው መልስ ከዚህ ሁሉ በታች አንድ ቦታ ይጻፍ ይሆናል፤ እሷ ግን እስከዚያ ጥያቄዋን አጥፍታ ወጥታለች።

ጥያቄው ከግሩፑ ጠፋ እንጂ ከእሷ ዘንድ አልጠፋም። ትእዛዙ ካርዱ ላይ እንደተጻፈ ነው፤ መድኃኒቱም እጇ ላይ ነው። አሁን ያላት ምርጫ መገመት ነው። ሌላም የማይታይ ነገር አለ። ያንን ልውውጥ አንድ ቃል ሳይጽፉ ያነበቡ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ እነሱም እዚያ ቦታ እንደማይጠየቅ ተምረው ወጥተዋል። ተሳዳቢው ያናገረው አንዲትን ልጅ ይመስለዋል፤ ዝም ያሰኘው ግን መቶዎችን ሊሆን ይችላል።

ይህ የእኔ የአንዲት አሮጊት ነርስ ስጋት ብቻ እንዳይመስላችሁ በጥናት የታየ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የጨቅላ ሕፃናት ሐኪሙ አሪዬ ሪስኪንና ባልደረቦቹ በእስራኤል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍሎች የሚሠሩ 24 ቡድኖችን ያካተተ ጥናት አሳተሙ። እያንዳንዱ ቡድን ሐኪምና ነርሶች ነበሩበት። ቡድኖቹ በእውነተኛ ታካሚ ላይ ሳይሆን በአስመስሎ ልምምድ ተፈተኑ፤ ልምምዱ የተዘጋጀው ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን በአንጀት ሕመም ምክንያት በድንገት ሲዳከም የሚያሳይ ሆኖ ነው። ከልምምዱ በፊት አንድ የውጭ ባለሙያ ለግማሾቹ ቡድኖች በአገሪቱ ያየው የሕክምና ጥራት እንዳላስደሰተው ነገራቸው፤ ቆይቶም እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች በእሱ ክፍል ሳምንት እንደማይቆዩ ጨመረበት። ለቀሩት የተነገራቸው ገለልተኛ ቃል ነበር። የተሰደበ ሰው የለም፤ የጮኸባቸውም የለም። ሆኖም ያንን ቃል የሰሙት ቡድኖች ሕመሙን በመለየትም፣ ሕክምናውን በመስጠትም ከሌሎቹ ያነሰ ሠሩ። እኔ ከሁሉ በላይ ልብ ያልኩት መንገዱን ነው። መረጃ መለዋወጥና እርዳታ መጠየቅ ቀነሱ። ያ የንቀት ቃል ዕውቀታቸውን ሊወስድባቸው አልቻለም፤ ያወቁትን እንዳይነጋገሩበት ግን አደረጋቸው። የእኛ ሥራ ደግሞ ከርክክብ ጀምሮ እስከ ድንገተኛ ጥሪ ድረስ የቆመው በመነጋገር ላይ ነው።

ለመሆኑ ሰው የሚንከባከቡ ሰዎች እርስ በርሳቸው ለምን እንዲህ ይሆናሉ? ጥያቄው ከስልክም ከኢንተርኔትም በፊት የነበረ ነው። ጁዲት ማይስነር የተባሉ የነርስ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1986 ነርሶች የራሳቸውን ልጆች፣ ማለትም ጀማሪዎቻቸውን፣ እየበሉ እንደሆነ በመጽሔት ላይ ጠየቁ፤ አባባሉ ከዚያ ወዲህ ከሙያው አልወጣም። ከእሳቸው ሦስት ዓመት ቀደም ብላ የነርስነት ምሁሯ ሱዛን ሮበርትስ ከብራዚላዊው የትምህርት ፈላስፋ ከፓውሎ ፍሬሬ ሐሳብ በመነሳት አንድ መልስ ሰጥታ ነበር። የተጨቆነ ወገን ቁጣውን በላዩ ባለው ላይ ማሳረፍ ሲያቅተው ከጎኑ ባለው ላይ ያሳርፈዋል ትላለች። እኔ በዋርድ፣ በሕሙማን መኝታ ክፍል፣ ካየሁት ጋር ይህ በደንብ ይገጥማል። ሐኪም የጮኸባት ኃላፊ ነርስ ተረኛዋ ላይ ትጮኻለች፤ ተረኛዋ ጀማሪዋ ላይ። ጀማሪዋ ደግሞ ማታ ስልኳን ከፍታ ከእሷም የባሰ ጀማሪ ታገኛለች።

ስልኩ የጨመረው ነገር አለ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ሱለር እ.ኤ.አ. በ2004 እንደጻፈው ሰው ስሙ ሳይታወቅ፣ ፊቱ ሳይታይ፣ የሌላውን ምላሽ እዚያው ሳይጋፈጥ ሲናገር ልጓሙ ይላላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ፤ ሱለር ልጓሙ ለበጎም እንደሚላላ ጽፏል። በዋርድ ውስጥ «አላውቅም» ለማለት የምታፍር ልጅ በግሩፕ ውስጥ ለመጠየቅ የደፈረችው በዚያው ምክንያት ነው። ስለዚህ እነዚህን መሰባሰቢያዎች ዝጉ፣ ውጡ፣ ጊዜ አታጥፉ ከሚሉት ጋር አልስማማም። ለጀማሪ ነርስ በሌሊት ብቻዋን ስትቀር ከዚያ የተሻለ ቅርብ ነገር ላይኖራት ይችላል። መጠበቅ ያለበትም ስለዚህ ነው።

አሁን ስለ ምሬት ልናገር፤ እዚህ ላይ እንድትረዱኝ እፈልጋለሁ። አታማርሩ አልላችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ የነበሩት ነርሶች ወደ 28 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር፤ የጎደሉት ደግሞ 5.9 ሚሊዮን እንደነበሩ ተገምቷል። ያ ጉድለት የሚሸፈነው በእናንተ ወገብና በእናንተ እንቅልፍ ነው። ትምህርት ቤት የተማራችሁት ነርስነትና በዋርድ ያገኛችሁት ነርስነት አልገጣጠም ሲላችሁም ደካማ ሆናችሁ አይደለም፤ የነርስነት ተመራማሪዋ ማርሊን ክሬመር ይህንኑ ድንጋጤ እ.ኤ.አ. በ1974 በዝርዝር ጽፋበታለች። እንዲህ ያለ ሸክም የያዘ ሰው ተናግሮ መተንፈስ አለበት። «ነርስነት ፍቅር ይጠይቃል፤ ካልቻልሽ ልቀቂ» ብሎ የሚመልስ ሰው ሙያውን የሚያስከብር ይመስለዋል። እኔ ግን ይህን ከስድብ ለይቼ አላየውም። የደከመን ሰው ድካሙ ኃጢአት እንደሆነ መንገር ነውና።

ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ምሬት ስለ አንድ ነገር ይናገራል፣ ንቀት ስለ አንድ ሰው። «ለሠላሳ ታካሚ ሁለት ሆነን አደርን፤ የአራት ሰዓቱን ቫይታል ሳይን (የሙቀት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ልኬት) መውሰድ አልቻልንም» የሚል ጽሑፍ ምን እንደጎደለ ይነግረኛል፤ ኃላፊም ቢያነበው ሊያደርግ የሚችለው ነገር ያገኛል። «የዘንድሮ ምሩቃን ምንም አያውቁም» የሚለው ግን ለማንም ምንም አይሰጥም። የዲፕሎማና የዲግሪ፣ የጽኑ ሕክምናና የተመላላሽ ክፍል፣ የድሮና የአሁን እየተባለ የሚደረገው መናናቅ ሁሉ ከዚህ ወገን ነው። እንደ እኔ ያላችሁ አንጋፋዎች ይህን ካነበባችሁ እናንተንም እለምናለሁ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ነበር ማለት መልስ ሊሆን የሚችለው እንዴት ይደረግ እንደነበር ካስከተልንበት ብቻ ነው።

ጨዋነት ማለት ስህተትን አይቶ ማለፍ ነው የሚሉም አሉ። ፈጽሞ አይደለም። አንድ ሰው የተሳሳተ የመድኃኒት መጠን ጽፎ ካያችሁ ዝም ማለት ከስድብ የባሰ ነው፤ አንባቢው ይዞት ወደ ታካሚ ሊሄድ ይችላልና። ወዲያውኑ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አርሙት። እርማቱ ግን መጠኑን ይመለከት እንጂ ጸሐፊውን አይመልከት። «ይህ መጠን ለአዋቂ ነው፤ ለሕፃን በክብደት ይሰላል፤ ከመስጠትሽ በፊት ከፋርማሲስቱ ጋር አረጋግጪ» ማለት ሙሉ እርማት ነው። «ሰው ልትገድዪ ነው?» የሚለው ቢጨመርበት መረጃው አይጨምርም። የጻፈውን ሊያርም ወይም ሊያጠፋ ይችል የነበረው ሰውዬ ግን ክብሩን ለማዳን መከራከር ይጀምራል፤ በክርክሩ መሐል የተሳሳተው ቁጥር እዚያው ይቆያል።

ወደ ፖታሲየሟ ልጅ ልመለስና፣ እኔ ብሆን ምን እጽፍላት ነበር? በመጀመሪያ «አሁን አታስጀምሪው» እላታለሁ። ቀጥዬም መድኃኒቱ ሳይበረዝ ፈጽሞ እንደማይሰጥና በቀጥታ እንደማይገፋ፣ በክፍሏ ያለውን መመሪያ እንድታወጣ፣ አብራት ያለችውን ተረኛ ወይም ያዘዘውን ሐኪም ጠርታ መጠኑን፣ ፈሳሹንና ፍጥነቱን ሁለት ሆነው እንዲያረጋግጡ እነግራታለሁ። ቁጥሩን ከስልክ ላይ ብቻ አንብባ እንዳትሠራበትም አስጠነቅቃታለሁ፤ እኔ የታካሚዋን የላብራቶሪ ውጤትም ሆነ ኩላሊቷን አላየሁምና። በመጨረሻ መጠየቋ ትክክል እንደነበር እጽፋለሁ። ይህ የመጨረሻው ለማባበል አይደለም። ከሥራዋ ውስጥ በትክክል የሠራችው ክፍል እሱ ስለሆነ ነው፤ ሰው ደግሞ ትክክል የሠራውን ካላወቀ አይደግመውም።

የታካሚ ምስጢርን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ታውቁታላችሁ። ስሙን ብታጠፉም የቁስሉ ፎቶ፣ የክፍሉ ቁጥር ወይም የተኛበት ቀን ሰውየውን ሊያሳውቅ ይችላል። ስትጠይቁ ዕድሜውንና ችግሩን በጥቅሉ መጻፍ ይበቃል።

ስድቡ በእናንተ ላይ ሲመጣስ? የነርስነት ተመራማሪዋ ማርታ ግሪፈን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመችው ጥናት 26 አዳዲስ ነርሶችን ስለዚህ ጉዳይ አስተማረች፤ ለተለመዱ ማንቋሸሾች የሚሆን አጭር ምላሽም አለማመደቻቸው። ምላሾቹ የተጻፉባቸው ትናንሽ ካርዶች ከመታወቂያ ባጃቸው ጋር እንዲይዙም ሰጠቻቸው። ነርሶቹ የተለማመዱትን ይዘው ያንቋሸሻቸውን ሰው ማናገር ችለዋል። ለጽሑፍም የሚሆን ይመስለኛል። ቀድማችሁ የተለማመዳችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑራችሁ። ለምሳሌ «አለማወቄን ስለማውቅ ነው የጠየቅሁት፤ መልሱን የሚያውቅ ካለ ይርዳኝ» ማለት ይቻላል። አይለምንም፣ አይሳደብም፣ ወሬውንም ወደ ጥያቄው ይመልሰዋል። ከሌሊት ፈረቃ በወጣችሁበት ጠዋት ግን ምንም አትመልሱ። ያልተኛ ሰው የሚጽፈው ከተኛ በኋላ የሚጽፈውን አይሆንም፤ ስክሪንሾት ደግሞ እንቅልፋችሁን አይጠብቅም።

ሌላው ሲሰደብ ያያችሁ እንደሆነ ከተሳዳቢው ጋር አትከራከሩ። ክርክሩ ለእሱ መድረክ ይሆነዋል። ጥያቄውን መልሱ፤ መልሳችሁ ከስድቡ በላይ እንዲታይ አድሚኑን ጠይቁ፤ ለጠያቂዋም በግል ጻፉላት። እኔ ከብዙ ወጣቶች ጋር የተዋወቅሁት በዚህ መንገድ ነው፤ አንዳንዶቹ ዛሬ የራሳቸውን ተማሪዎች ያስተምራሉ።

አድሚኖቹ ሰምተው የማያስተካክሉት፣ ጠያቂ ሁሉ የሚዋረድበት ግሩፕ ከሆነ ውጡ። የስንብት ጽሑፍ አያስፈልገውም። ከመውጣታችሁ በፊት ግን እዚያ ውስጥ በትዕግሥት ሲመልሱ ያያችኋቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች በግል አናግሩና እየደወላችሁ መጠየቅ ትችሉ እንደሆነ ጠይቋቸው። አብዛኞቹ እሺ ይሏችኋል።