ደላላው የወሰደውም ግብር አለበት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሐዋሳ ታቦር አካባቢ፣ ግቢዬ ውስጥ ያሉ ሁለት ክፍሎችን ከነዕቃቸው ለእንግዳ በቀን አከራያለሁ። ለገብርኤል ንግሥና ለፍቼ ጨምበላላ ሰሞን አልጋ ጠፍቶ ሰው ይለምነኛል፤ በሌላው ጊዜ ባዶ ያድራሉ። ክፍሉ በቀን 1,500 ብር ነው፤ ደላላው 150 ይወስዳል። ግብር የምከፍለው እጄ ከገባው 1,350 ላይ ነው? አንሶላ፣ የውኃ ሮቶ፣ የጥበቃ ደመወዝስ ይቀነስልኛል?
የታቦሯ አከራይ

መልስ፦ እህቴ፣ ገቢሽ 1,500 ነው። እንግዳው የከፈለው እሱን ነዋ! 150ው ወጪ ነው፤ ወጪ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። ደረሰኝ የሚቆርጥ ደላላ ያየ ካለ ይጻፍልኝ። «ግማሹ ለአልጋውና ለቴሌቪዥኑ የተከፈለ ነው» ብሎ መነጠልም አይሠራም፤ ቤት ከነዕቃው ሲከራይ የዕቃውም ኪራይ ገቢ ውስጥ ይደመራል።

ወደ ወጪው እንምጣ። የቤት ኪራይ ግብር በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ «ለ» በሚባለው ክፍል ነው የሚታየው። የሂሳብ መዝገብ ካልያዝሽ ሕጉ ራሱ ከጠቅላላ ኪራዩ ላይ ለጥገናና ለእርጅና (ቤቱና ዕቃው በዕድሜ ለሚያጣው ዋጋ) ብሎ በመቶኛ ይቀንስልሻል። በፌዴራሉ አዋጅ 979/2008 ይህ 50 በመቶ ነበር። አዋጁ በ2017 ተሻሽሏል፤ የግለሰብ ቤት ኪራይ ግብር ሰብሳቢው ደግሞ ክልሉ ነው። ስለዚህ የዘንድሮውን እዚያው ገቢዎች መስኮት ጠይቂ። በዚህ መንገድ ከሄድሽ ግን የሮቶ ደረሰኝ ይዞ «ይህም ይቀነስልኝ» ማለት የለም። መቶኛው ውስጥ ገብቷል።

መዝገብ ከያዝሽ ጥገናው፣ የባንክ ወለዱ፣ ኢንሹራንሱ፣ የጥበቃው ደመወዝ በደረሰኝና በፊርማ ይቀርባል። ሮቶው ግን በአንዴ አይቀነስም፤ በየዓመቱ በእርጅና ነው። መዝገቡም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በየዕለቱ መጻፍ አለበት። ወረፋ ላይ ቁጭ ተብሎ በአንድ እስክሪብቶ የተሞላ ደብተር ከሩቅ ያስታውቃል።

እኔ አንቺን ብሆን፣ ለሁለት ክፍል ብዬ ሂሳብ ሠራተኛ አልቀጥርም፤ በመቶኛው እሄዳለሁ። ቢሆንም የእንግዳ መመዝገቢያ ደብተር ይኑርሽ፤ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ የከፈለው ብር። ባዶ ያደረበትን ሌሊት ማሳየት ካልቻልሽ ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ እንደተያዘ ተገምቶ ሊመጣብሽ ይችላል። ያኔ አቤቱታው ራሱ ከግብሩ ይብሳል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቁርስ ማቅረብ ሲጀመር ነገሩ ከቤት ማከራየት ወጥቶ የእንግዳ ማረፊያ ንግድ ይሆናል። ንግድ ፈቃድ ይመጣል፣ ግብሩም ወደ ንግድ ገቢው ክፍል፣ ወደ ሠንጠረዥ «ሐ» ይዞራል። በቀን ማከራየቱም ብቻውን ሊያከራክር ስለሚችል፣ መስኮቱ ጋ ስትደርሺ መጀመሪያ ይህንን ጠይቂ።