ሊንክዲን ላይ ስምንት ወር፣ አንድም የጠራኝ የለም

«ጤና ይስጥልኝ። በ2016 ዓ.ም. ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ሊንክዲን ከከፈትኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ከመቶ በላይ ቦታ አመልክቻለሁ፣ አንድም የጠራኝ የለም። ከትምህርት ውጪ ያለኝ ልምድ በአንድ አስመጪ ድርጅት ሦስት ወር ተለማማጅ መሆኔ ብቻ ነው። ደመወዝ ስላልተከፈለኝ ግን ፕሮፋይሌ ላይ አልጻፍኩትም። ጓደኞቼ ‘ዘመድ ከሌለሽ በከንቱ አትድከሚ’ ይሉኛል። አካውንቱን ልዝጋው?»

እህቴ፣ አትዝጊው። ስምንት ወር ሙሉ ማመልከት ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። መልስ አለማግኘቱ ደግሞ ከድካሙ ይብሳል። ግን የላክሽልኝን ፕሮፋይል ከፍቼ ሳየው ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። አንቺ እዚያ ውስጥ የለሽም።

ከስምሽ ሥር ያለችውን መስመር እንይ። በእንግሊዝኛ «አዲስ ተመራቂ፣ ሥራ በመፈለግ ላይ» ትላለች። ቀጣሪ ሰው ሲፈልግ መፈለጊያው ላይ የሚጽፈው የሙያ ቃል ነው። «አካውንታንት»፣ «ፔይሮል» (የደመወዝ ሒሳብ)፣ «ፒችትሪ» (የሒሳብ ሶፍትዌር) ብሎ ይጽፋል። «ሥራ ፈላጊ» ብሎ የሚፈልግ የለም። ያቺ መስመር እስከ 220 ፊደል ትይዛለች፤ አንቺ የተጠቀምሽው ሩቡን እንኳ አይሆንም። ስለዚህ ሙያሽን አስቀድሚ፣ የምትችዪውን ሥራ ቀጥዪ፣ የምትጠቀሚበትን ሶፍትዌር ጨምሪ። ፒችትሪ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ከተባለ ቆይቷል፤ እኛ አገር ግን አሁንም ሁሉም ፒችትሪ ነው የሚለው። ሁለቱንም ጻፊ። በየትኛው ስም እንደሚፈልጉሽ አታውቂም።

አሁን ወደ ሦስቱ ወር። እባክሽ ደመወዝ ስላልተከፈለሽ ብቻ ሥራ አልሠራሁም አትበዪ። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ማለትም የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር፣ የተከፈለበትም ያልተከፈለበትም ያው ነው። ቁጭ ብለሽ በየቀኑ ምን ትሠሪ እንደነበር አስታውሺ። ስንት የባንክ ሒሳብ ነበር? ለጥቃቅን ወጪ የሚያዘውን የፔቲ ካሽ ቫውቸር ማን ይመዘግብ ነበር? ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዘውን ግብር፣ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞቹን ማን ይሰበስብ ነበር? «በፋይናንስ ክፍል ተለማምጃለሁ» ከማለት ይልቅ «የሁለት ባንኮችን ሒሳብ በየወሩ አስታርቄያለሁ» በዪ፣ እውነቱ ያ ከሆነ። ያልሠራሽውን ግን አንድ ቃል እንዳትጨምሪ። ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለት ጥያቄ ከጠየቁሽ ይበቃቸዋል።

በሰው ኃይል ሥራ ላይ ሳለሁ ያየሁትን ልንገርሽ። ለአንድ የጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ቦታ የመጣ የማመልከቻ ክምር ከፊታችን ነበር። ሁሉም ዲግሪ አለው። ሁሉም «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል» ነው። የፋይናንስ ኃላፊዋ ደክሟት ቡናዋን እየጠጣች ታገላብጣለች። አንዲት ልጅ «ለአራት ወር ያልታረቀ የባንክ ሒሳብ ተረክቤ ልዩነቱን አግኝቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ቼክ ነበር» ብላ ጽፋለች። ኃላፊዋ ስኒውን አስቀመጠች። «ይቺን ጥሩልኝ» አለች። ልጅቷም በተለማማጅነት ብቻ ነበር የሠራችው።

ወደ ዘመዱ ነገር ልምጣ። ጓደኞችሽ ከመሬት ተነስተው አላወሩም። ሰው በሰው ሥራ ያገኛል። ያ ሰው ግን የግድ አጎትሽ መሆን የለበትም። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ያንን ሰው ምን ያህል ያገኙት እንደነበር ጠየቀ። ቶሎ ቶሎ እናገኘው ነበር ያሉት 17 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነው የረዳቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሊንክዲን ላይ 20 ሚሊዮን ሰዎችን ያካተተ ጥናት ታትሟል። እሱም ሥራ ለመቀየር ይበልጥ የሚያግዙት መጠነኛ ትውውቅ ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን አሳየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኛሽ የሚሰማውን ወሬ አንቺም ሰምተሽዋል። ራቅ ያለው ሰው ግን አንቺ ያልደረስሽበት ቤት ውስጥ ነው ያለው።

ስለዚህ ሊንክዲንን ማመልከቻ መበተኛ ማድረጉን ቀንሺና ሰው መፈለጊያ አድርጊው። የዩኒቨርሲቲሽን ገጽ ክፈቺ። የቀድሞ ተማሪዎች የሚል ክፍል አለ። እዚያ የት እንደሚሠሩ፣ የት እንደሚኖሩ፣ ምን እንደተማሩ እየለየሽ ማየት ትችያለሽ። ከአንቺ ሁለትና ሦስት ዓመት ቀድመው በአካውንቲንግ የተመረቁትን ፈልጊ። ዛሬ አንዱ ባንክ ውስጥ ነው፣ አንዷ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ፣ ሌላው ኦዲት ቢሮ። በአንድ ዶርም ኮሪደር ያለፋችሁ ናችሁ።

ስትጽፊላቸው ሲቪ አታስከትዪ። «ሥራ ካለ አስቢኝ» ማለትም ይቅር። እንዲህ ብትዪስ፦ «ጤና ይስጥልኝ። እኔም እንደ እርስዎ ሐዋሳ አካውንቲንግ ነው የተማርኩት፣ የ2016 ተመራቂ ነኝ። በእርዳታ ድርጅት ፋይናንስ ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ። ጀማሪ ሳሉ ምን ማወቅ ነበረብኝ የሚሉት ነገር ካለ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።» አለቀ። አጭር ነው፣ ለመመለስም ቀላል ነው። ነፃ አካውንት ላይ ከግንኙነት ጥያቄ ጋር ማስታወሻ መላክ የሚቻለው በወር ለጥቂት ሰው ነውና መርጠሽ ላኪ። ከአሥር ሦስቱ ከመለሱልሽ ጥሩ ነው። የመለሰልሽን አመስግኚ፣ የመከረሽን ካደረግሽ በኋላ ደግሞ ተመልሰሽ ንገሪው። ሰው የሚያስታውስሽ ያኔ ነው።

ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ ከነጭ ግድግዳ ፊት በስልክ ተነሺው፤ የምርቃት ጋዋኑ ይቅር። ሥራ ፈላጊ መሆንሽን የሚያሳየውን አረንጓዴ ቀለበት አብሪው። አንቺ ይህን የምትደብቂው አለቃ የለሽም።

ሊንክዲን እኛ አገር ሁሉንም በር አይከፍትም። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ብዙ ባንክ አሁንም በጋዜጣ፣ በቴሌግራምና በማስታወቂያ ሰሌዳ ነው የሚጠሩት። እነሱን እንዳትተዪ። ሊንክዲን የሚጠቅምሽ ይበልጥ ለእርዳታ ድርጅት፣ ለዓለም አቀፍ ተቋምና ለግል ኩባንያ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንሽ። ካናዳ ወይም ዱባይ ሥራ አለ ብሎ የመመዝገቢያ ወይም የፕሮሰስ ብር የሚጠይቅሽ ሰው ከመጣ ጥለሽው ውጪ። የፓስፖርት ፎቶም አትላኪ። እውነተኛ ቀጣሪ ለመቅጠር ብር አይቀበልም። ሥራ ፍለጋ የደከመ ሰው እንዴት እንደሚታለል በዓይኔ አይቻለሁ። እናቶች ለዚህ ብለው የሸጡትን ወርቅ ማንም አልመለሰላቸውም።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አድርጊ። አስመጪው ድርጅት ውስጥ ያሠራሽ ለነበረው አካውንታንት ደውይ፣ እንደምን ከረምክ በዪ፣ ሊንክዲን ላይ አጭር ምስክርነት ይጽፍልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያ የሦስቱን ወር ሥራ በአምስት መስመር ጽፈሽ ላኪልኝ። እንግሊዝኛው አያስጨንቅሽ፣ በአማርኛም ቢሆን ላኪው። አብረን እናስተካክለዋለን።