በረኪናን በምን ልተካው?

ጥያቄ፦ አዘዞ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የመጸዳጃ ቤቱን ወለል በበረኪና ባጠብኩ ቁጥር ትንሿን ልጄን ሳል ያጣድፋታል። ሽታው እንዲጠፋ ብዬ አቼቶ ብጨምርበት ደግሞ ዓይኔን አቃጠለኝ። በምን ልተካው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከሁሉ በፊት በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከሎሚ ጋር ከቶ አይቀላቅሉ፤ በረኪና አሲድ ሲነካው ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ስለሚለቅ ዓይንዎን ያቃጠለው እርሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ሳል ለሚያጣድፋት ሕፃን ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። ለዘወትር እጥበት ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ጠንካራ ብሩሽ ይበቃሉ። በቧንቧው አፍ ላይ ለሚጋገረው ነጭ ዝቃጭ አቼቶ ብቻውን ጥሩ ነው፤ ጨርቅ ነክረው ይጠቅልሉበትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲፈትጉት እንደ ቅርፊት ይነሣል (እብነ በረድን ግን ስለሚበላ ያርቁት)። በቤት ውስጥ የተቅማጥ ሕመምተኛ ካለ በረኪናን መተው አይገባም፤ በውሃ አቅጥነው፣ መስኮት ከፍተው፣ ልጆቹን አርቀው ይጠቀሙበት።

እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያጥቡበት የነበረውን እንዶድም አይርሱት፤ ደርቆ የተወቀጠው ፍሬ በውሃ ሲታሽ አረፋው እንደ ሳሙና ይሞላል። ሆኖም የአገር ቤት ነገር ስለሆነ ብቻ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያስተዋሉት በዚህ ምክንያት ነበር። ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ እጣቢውን ወደ አንገረብም ሆነ ወደ ቀሃ ወንዝ እንዳይደፉ፣ ዱቄቱንም ልጆች ከማይደርሱበት እንዲያስቀምጡ አደራ እላለሁ።