ጭቃውን ሳትመረምሩ በውሃው ላይ አትፍረዱ

ውድ ወጣቶች፣

የኬሚስትሪ፣ የጂኦሎጂ ወይም የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ጀምራችሁ የውሃን ጉዳይ የዕድሜ ልክ ሙያችሁ ለማድረግ ላሰባችሁ ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ጉድለት ስለሚያሳስበኝ ነው። ተማሪው ከውሃው በጠርሙስ ናሙና ይቀዳል፣ ዕፅዋትን የሚመግቡትን ናይትሬትና ፎስፌት (የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ውህዶች) ይለካል፣ ከዚያም ብክለቱ ከየትኛው እርሻ ወይም ከየትኛው ፍሳሽ እንደ መጣ ይደመድማል፤ ከውሃው ሥር የተኛውን ደለል ግን ጨርሶ አይነካውም። ጥልቀት በሌለው የባሕር ዳርቻና በወንዝ አፍ ላይ ይህ አካሄድ የጉዳዩን ግማሽ ያስቀራል። ደለሉ የተጣለበትን ሁሉ ዝም ብሎ የሚያከማች ሳይሆን ከውሃው ጋር ሌት ተቀን የሚቀባበል፣ በሙቀቱ ወራትም ብዙ ንጥረ ነገር ወደ ውሃው የሚመልስ አካል ነውና።

እኔ የሠራሁት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ አካባቢ በመሆኑ ምሳሌዬን ከዚያው እወስዳለሁ። ወሽመጡ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ7 ሜትር አይበልጥም፤ ውሃ የሚሰበስብበት ተፋሰስ ደግሞ 165,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ከዚህን ያህል ሰፊ መሬት የታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ይህን ያህል ጥልቀት ወደሌለው ውሃ ሲገባ፣ የወለሉ ድርሻ ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከወሽመጡ ወለል በግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ የወጣን ደለል ቀጥ አድርጋችሁ ብርሃን ላይ ብትይዙት፣ ከላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቡናማ ሽፋን፣ ከሥሩም ወዲያው እየጠቆረ የሚሄድ ለስላሳ ጭቃ ታያላችሁ። ቡናማው የብረት ዝገት ነው፤ ዝገቱም ፎስፌትን አጥብቆ ይይዛል። ኦክስጅን ከደለሉ ገጽ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወርዶ ያልቃል፤ ከዚያ በታች ያሉት ባክቴሪያዎች የሞተውን አልጌ (በውሃ ውስጥ የሚበቅል ረቂቅ ዕፅ) ለማብላላት በኦክስጅን ፈንታ በናይትሬት፣ በማንጋኒዝ፣ በብረት ዝገት፣ በመጨረሻም በሰልፌት (የሰልፈር ውህድ) ይጠቀማሉ። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 2.7 ግራም ያህል ሰልፌት ስለሚይዝ ይህ የመጨረሻው መንገድ በጨዋማ ደለል ውስጥ እጅግ ይበረታል፤ ውጤቱም የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። በሙቀቱ ወራት የታችኛው ውሃ ኦክስጅን ሲያጣ ቡናማው ሽፋን ይጠፋል፤ ሰልፋይዱ ብረቱን ጠልፎ ወደ ጥቁር የብረት ሰልፋይድ ይለውጠዋል፤ ፎስፌቱም የሚይዘው ብረት አጥቶ ወደ ውሃው ይወጣል። የሐይቆች ተመራማሪው ክሊፎርድ ሞርቲመር እ.ኤ.አ. በ1941 እና በ1942 ባወጣቸው ጥናቶች ይህን የብረትና የፎስፌት ትስስር በእንግሊዝ ሐይቆች ላይ አሳይቶ ነበር፤ ሰልፌት በበዛበት ጨዋማ ውሃ ግን ብረቱ በሰልፋይድ ስለሚያዝ ደለሉ ፎስፌትን የመያዝ አቅሙ ከሐይቁ ያነሰ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ናይትሮጅኑ ነው። ኦክስጅን በደረሰው ደለል ውስጥ አሞኒየም (ከሚብላላው አልጌ የሚወጣ የናይትሮጅን ውህድ) ወደ ናይትሬት፣ ናይትሬቱም ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ተለውጦ ወደ አየር ይመለሳል፤ ተፈጥሮ ራሷ የምታካሂደው ጽዳት ይህ ነው። ኦክስጅን ሲጠፋ የመጀመሪያው እርምጃ ይቆማል፣ አሞኒየሙ እንዳለ ወደ ውሃው ይወጣል፣ አልጌውን ያለመልማል፣ አልጌውም ሞቶ ሲወርድ የተረፈውን ኦክስጅን ይጨርሳል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ሳይንስ ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምረው ይህን ልውውጥ በወሽመጡ ወለል ላይ በመለካታቸው፣ ዛሬ የወሽመጡ የኮምፒውተር ሞዴሎች ደለሉን ራሱን የቻለ ክፍል አድርገው ያሰላሉ።

ብዙዎቻችሁ በዋሽንግተን፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ስለምትኖሩ በቅርብ የምታውቁትን የፖቶማክን ወንዝ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የዋሽንግተን ፍሳሽ ማጣሪያ ወደ ወንዙ የሚለቀው ፎስፈረስ በእጅጉ ቀንሶ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በጋ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ወንዙን ሸፈነው። ምርመራው መልሱን ከጭቃው አገኘ። አልጌው በብርሃን እየበዛ ሲሄድ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከ9 በላይ ወጣ፤ በዚያን ጊዜ በውሃው የሚበዛው ሃይድሮክሳይድ በዝገቱ ገጽ ላይ የፎስፌትን ቦታ ይነጥቃል፤ ስለዚህ ኦክስጅን ባልጠፋበት፣ ሰልፌትም እምብዛም በሌለበት ውሃ ውስጥ ደለሉ ፎስፌቱን ለቀቀው። አንድ ምክንያት ባገኛችሁ ቁጥር ሌላም ሊኖር እንደሚችል ይህ ወንዝ ያስተምራችኋል።

ስለ አሠራሩ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ናሙናችሁን ከአየር ጠብቁ። በጭቃው ቅንጣቶች መካከል ያለው ውሃ የሟሟ ብረት ስላለበት አየር ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይዝጋል፣ ዝገቱም ፎስፌቱን ይዞ ይዘቅጣል፤ መሣሪያው የሚያነበውም ጭቃው ውስጥ ያልነበረ ዝቅተኛ ቁጥር ይሆናል። ውሃውን በናይትሮጅን ጋዝ በተሞላ ከረጢት ውስጥ ጭመቁና አጣሩ። ወደ ውሃው የሚለቀቀውን ለመለካት ደግሞ ደለሉን የያዙትን ቱቦዎች ሳታናውጡ፣ በቦታው ውሃ ሸፍናችሁ፣ በጨለማና በወለሉ ሙቀት አቆዩአቸው፤ በየጥቂት ሰዓቱ ናሙና ወስዳችሁ ለውጡን በካሬ ሜትርና በቀን አስሉ።

በኢትዮጵያ ሐይቆች ላይ ለምትሠሩም ይህ አይርቃችሁም። ጣና በጣም ጥልቅ በሆነ ቦታው እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ነፋስ ወለሉን ያናውጠዋል፤ ስለ እምቦጭ ስታጠኑ ከተፋሰሱ የሚታጠበውን አፈር ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የተከማቸው ደለል የሚለቀውንም ለኩ።

ቼሳፒክን ለማዳን እ.ኤ.አ. በ2010 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የብክለት ጣሪያ አውጥቶ እስከ 2025 ድረስ እርምጃዎቹ እንዲፈጸሙ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ውሃው ወዲያው ባለመጥራቱ ሕዝቡ ሲያጉረመርም፣ ዛሬ ማዳበሪያው ቢቀነስም ቀድሞ የተከማቸው ለዓመታት እንደሚለቀቅ በትዕግሥት የማስረዳት ኃላፊነት የእናንተ ነው። ለዚህ ደግሞ ቁጥር ያስፈልጋችኋል፤ በሙቀቱ ወራት ብቻ የተወሰደ ናሙና ግን የመልቀቂያውን ወቅት ብቻ ያሳያችኋል። በብርዱም፣ ኦክስጅን ተመልሶ ዝገቱ ፎስፌቱን እንደገና በሚይዝበት ወቅት፣ ወደዚያው ቦታ ተመልሳችሁ ደለሉን አውጡ።