«ከሰንጠረዡ መረዳት እንደሚቻለው»፦ የጥናት ጽሑፍ ሐረጎች ጥያቄና መልስ

የመመረቂያ ጽሑፍ ሳርም ነው የምውለው። በጥናት ጽሑፎች ውስጥ እየተደጋገሙ ስለሚመጡ ሐረጎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥቂቶቹ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሌክሲካል በንድል የሚባለው (እየተደጋገመ አብሮ የሚመጣ የቃላት ሰንሰለት) ፈሊጥ ነው?

አይደለም። ፈሊጥ ትርጉሙ ከቃላቱ አይገኝም። ይሄኛው ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የሚለየው በድግግሞሹ ነው። ስሙን ያስተዋወቁት ዳግላስ ባይበርና ባልደረቦቹ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ። በኮምፒውተር ይቆጠራል። ከሚሊዮን ቃላት ውስጥ ቢያንስ 10 ጊዜ መምጣት አለበት፤ 20 ወይም 40 የሚሉም አሉ። የአንድ ጸሐፊ አመል እንዳይሆን ደግሞ በተለያዩ ጽሑፎች መገኘት አለበት። በእንግሊዝኛ «ኦን ዘ አዘር ሃንድ» (በሌላ በኩል) ከግንባር ቀደሞቹ ነው።

ጥያቄ፦ ከሰው ጽሑፍ ብወስዳቸው ስርቆት ይሆንብኛል?

«የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ» ባለቤት የለውም። ባለቤት ያለው ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ነው። ስርቆት የሚፈልገው ሶፍትዌር ሐረጓን ቀለም ቢቀባብሽ አትደንግጪ።

ጥያቄ፦ በአማርኛም አራት አራት ቃል እየቆጠርን መሥራት እንችላለን?

በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው አራት አራት ቃል ነው፤ እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የእንግሊዝኛው «አዝ ካን ቢ ሲን ፍሮም ዘ ቴብል» ሰባት ቃል ነው። «ከሰንጠረዡ መረዳት እንደሚቻለው» ሦስት ብቻ! «ከ» እና «እንደ» ከፊት፣ «ው» ከኋላ ቃሉ ላይ ተለጥፈዋል። በዚያ ላይ አንዱ «ሰንጠረዥ»፣ ሌላው «ሠንጠረዥ» ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። መጀመሪያ ፊደሉን አንድ አድርጉ፣ ከዚያ ሁለትና ሦስት ቃል ቁጠሩ። አራት ላይ ሙጭጭ ካላችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል።

ጥያቄ፦ አማካሪዬ «ሐረግ አብዝተሃል» አሉኝ። ምን ላድርግ?

በቅርቡ ያረምኩት አንድ ገጽ ላይ «ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው» አራት ጊዜ ነበር። ለሁለቱ ከላይ ምንም የተገለጸ ነገር የለም። ሐረጉ የሚያመለክተውን ፈልግ፤ ካጣኸው ሰርዘው። «ለመዳሰስ ተሞክሯል» የሚለውንም እንዲሁ። ትሕትና መሆኑ ይገባኛል፤ ግን 120 ሰው ቃለ መጠይቅ አድርገህ ምኑን ነው የሞከርከው? ዳስሰሃል እኮ።

ጥያቄ፦ የምሸመድደው ዝርዝር አለ?

ባትሸመድጂ ይሻላል። ለእንግሊዝኛው የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አካዳሚክ ፍሬዝባንክ የሚባል የሐረግ ስብስብ ሐረጎቹን በሚሠሩት ሥራ ለይቶ አስቀምጧል። ግን የምህንድስናው ከቋንቋ ጥናቱ ይለያል። በራስሽ ሙያ አሥር ጽሑፍ ሰብስቢና አንትኮንክ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር አስቆጥሪ። አንድ ከሰዓት አይፈጅም።