መልስ፦ ቪትዝ ላይ 20 ሚሊ ስፔሰር (በቸርኬውና በሞዞው መሃል የሚገባ ብረት) ቢገባ ጎማው ፓራፋንጎ ይነካል ወይ?
ባዶ መኪና ለክተህ ከሆነ ልኩን አትመነው፣ ጎማው ፓራፋንጎ የሚነካው ቆሞ ሳይሆን ሰው ሞልቶ ወደ ሐረር መውጫ ያለውን የደንገጎን ኩርባ ሲታጠፍ ነው። ከኋላ ሶስት ሰው አስቀምጥ፣ ክር ላይ ዳዶ አስረህ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ወደ ታች ልቀቀውና ከክሩ እስከ ጎማው ጎን ለካ። 18 ሚሊ ካገኘህ ለመጠባበቂያ 5 ቀንስለት፣ ከ13 በላይ አትግዛ፣ ምክንያቱም ስፔሰር ውፍረቱን በሙሉ ነው ጎማውን ወደ ውጪ የሚገፋው። 20ው እንዲገባ ቢያንስ 25 ሚሊ ክፍት ያስፈልግሃል።

ለፊት ጎማ በክር መለካት ብቻ አይበቃም፣ መሪውን ግራም ቀኝም እስከመጨረሻው አዙረህ ውስጠኛውን ፕላስቲክና የፓራውልቱን ጫፍ እይ።

ስትገዛ፦
1. ቡሎኑ 4 በ100 (4 ቡሎን በ100 ሚሊ ክብ ላይ)፣ የመሃል ቀዳዳው 54.1 ሚሊ መሆኑን አረጋግጥ፣ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት መሃል) ላይ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት።
2. ስሱን ስፔሰር ከመረጥክ ዳዶው ቢያንስ 8 ዙር መያዝ አለበት፣ ካልያዘ ረጅም ቡሎን አስገባ ወይ ተወው። 20ው የራሱ ቡሎን ያለው ይሁን።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እዚህ ድሬ ቶርኖ ቤት ስፔሰር የሚያስቆርጡ አሉ፣ ርካሽ ነው እሺ፣ ግን መሃሉ ትንሽ ከሰፋ ፍጥነት ስትጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ጎሚስታው ደግሞ ባላንስ ነው እያለ ያመላልስሃል፣ ችግሩ እዛ አይደለም። ዳዶውን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) 103 ኒውተን ሜትር እሰረው፣ ሐረር ደርሰህ ስትመለስ ጎማው ሲቀዘቅዝ ድገመው፣ ሳይላላ አይቀርም።